ለሱቅና ለመጋዘን ሰነድ የቱ ስካነር ይሻላል?

«ፋይላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ልናስገባ ነው፤ ምን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከከዚራም ከመጋላም ይመጣብኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ያገለገለ ወረቀት ሳቢ ስካነር፣ ማለትም የተደረደረውን ወረቀት ራሱ እየሳበ የሚያነበውን ግዙ። ፉጂትሱ ስካንስናፕ አይኤክስ 500 ወይም ኤፍአይ 7160 ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። በዚያው ዋጋ አዲስ ጠፍጣፋ ስካነር (ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀቱ አንድ በአንድ መስታወት ላይ የሚቀመጥበትን) ቢያቀርቡላችሁም እንኳ።

ዋጋውን በገጽ አስሉት። አሥር ቦክስ ፋይል አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ 400 ቅጠል ቢኖር 4,000 ቅጠል ነው። እንደ ካኖን ላይድ 300 ያለው ጠፍጣፋ አንዱን ገጽ በ10 ሰከንድ ገደማ ያነባል፤ ክዳን መክፈቱና ወረቀት ማስተካከሉ ሲጨመርበት 30 ሰከንድ ይሆናል። ይህ 33 ሰዓት ነው፤ ያውም ጀርባውን ሳይጨምር። አይኤክስ 500 በደቂቃ 25 ቅጠል፣ ፊቱንም ጀርባውንም አንድ ላይ ያነባል፤ ስቴፕል ለመንቀል ከሚጠፋው ጊዜ በቀር ሥራው ከሦስት ሰዓት አያልፍም። ኮፒ ቤት ለአንድ ገጽ 5 ብር ቢያስከፍላችሁ ደግሞ 20,000 ብር ትከፍላላችሁ፤ የደንበኞቻችሁ ሒሳብም ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።

በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የስካነር ዋጋ የዶላርን ምንዛሪ እየተከተለ ይሄዳል። ጓደኛችሁ ከዚያ በፊት የገዛበትን ዋጋ ይዛችሁ ታይዋን ገበያ አትሂዱ።

ያገለገለ ስትገዙ ዋናው ነገር ሮለሩ፣ ማለትም ወረቀቱን የሚስበው ባለ ላስቲክ ጥቅል ነው። ፋብሪካው በ200,000 ቅጠል ወይም በዓመት ቀይሩ ይላል። ሻጩ «ብዙ አልሠራም» ካለ ፕሮግራሙን አስከፍቱና ቆጣሪውን እዩ። የሮለሩ ቆጣሪ በእጅ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ያለፈውን የወረቀት ብዛት አንብቡ። ተመሳስሎ የተሠራ (ኮፒ) ሮለር ርካሽ ነው፣ ግን ላስቲኩ ደረቅ ነው፤ በጥፍር ስትጫኑት አይረግብም። እንዲህ ያለው ሮለር ሁለት ፋቱራ አጣብቆ ይጎትታል። አይኤክስ 500ም ኤፍአይ 7160ም ድርብ ወረቀት ሲያልፍ የሚያቆም ሴንሰር ስላላቸው ያስጠነቅቃሉ፤ ሴንሰር በሌለው ርካሽ ማሽን ግን አንዱ ፋቱራ ሳይነበብ ያልፋል፣ ኦዲተር እስኪጠይቅ ድረስም ማንም አያውቅም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሌላው የድሬ አቧራ ነው። ምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ከወጣ፣ ጠጋኙ «ካሜራው ተቃጥሏል» ብሎ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ጠባቧን መስታወት አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ አብሱ። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው እዚያ የተጣበቀች ጉድፍ ናት።

ከሒሳብ ፕሮግራማችሁ በቀጥታ ስካን ለማድረግ ከሆነ ኤፍአይ 7160 ይሻላል፤ ስካንስናፕ ትዌይን (ሌሎች ፕሮግራሞች ስካነሩን በቀጥታ እንዲያዙት የሚያስችለው ሶፍትዌር) የለውም። ፕሪንተርና ስካነር አንድ ላይ የሆነውን ለቋሚ ሥራ አልመክርም፤ የብዙዎቹ ሳቢ አንድ ፊት ብቻ ያነባል፣ አንዳንዱም ቀለም ሲያልቅበት ስካን ማድረጉንም ያቆማል። ጠፍጣፋው የሚጠቅመው ለተጠረዘ መዝገብና ለፓስፖርት ነው፤ እንደ ላይድ 300 ያለው ኃይሉን ከዩኤስቢ ብቻ ስለሚያገኝም መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፕ ጋር ያገለግላል።

ስልክን ለዕለት ደረሰኝ ተጠቀሙበት። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በእኛ ሙቀት ቶሎ ይደበዝዛል። ላሚኔት አታስደርጉት፤ ይጠቁራል። በዕለቱ ፎቶ አንሱትና 2017-03-12 እያላችሁ በዓመት፣ በወር፣ በቀን ሰይሙት፤ ፋይሉ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረደራል። ዋናውን ግን አትጣሉ፤ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ሰነድ ማቆየትን ግዴታ አድርጓል። ቅጂውን የያዘው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሌላ ሰፈር ይቀመጥ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን ጉዳት ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ልትገዙ ስትሄዱ ከራሳችሁ ፋይል 50 ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ፦ ስስ የካርቦን ቅጂ፣ የባንክ ስሊፕ፣ የታጠፈ ዲክላራሲዮን ቀላቅሉበት። በአንድ ፊት አስነብቡትና ምስሎቹን ቁጠሩ። 50 ካልሞላ ገንዘቡን አታውጡ።