ድሬዎች፣ የጨው ገንዳ ያላችሁ ይህን ሰው ያዙ

ሰላም ድሬዎች። እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ ሰው ዝም ብል ግን ግፍ ይሆንብኛል።

ከዚራ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችን። ገንዳችን የጨው ነው፤ ክሎሪኑን ማሽን ከጨው ውሃው ራሱ ያወጣዋል። እንዴት እንደሚያወጣ አትጠይቁኝ። የማውቀው ማሽኑ ገና 4 ዓመቱ እንደሆነ፣ ግንቦት ላይ ድሬ እንደ ምጣድ በጋለች ሰሞን ግን «ጨው አነሰ» የሚለው መብራት በርቶ አልጠፋ እንዳለ ነው። በሳምንቱ ውሃው ጎመን መሰለ።

የመጀመሪያው ባለሙያ ጨው ጨምሩ አለ፤ ጨመርን። አሁንም ጨምሩ አለ። ሁለት ኩንታል ገባ፣ መብራቱ ያው ነው። ሁለተኛው ካቻቢቴ ይዞ መጥቶ የማሽኑን ላሜራ እንደ ድስት ቂጥ ሲፍቅ ዋለ፤ ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ስልኩ ዝግ። ሦስተኛውማ ሳይከፍተው ነው «ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ያለኝ፤ አዲሱን የሚያመጣውም እሱው ነበር! የሰርግ እንግዶች ቀብድ ከፍለው እየጠበቁ፣ እኔ ማታ ማታ ገንዳው ዳር ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ባሌ «አፈር ሞልተን ፓፓያ እንትከልበት» እስከማለት ደርሶ ነበር።

ያኔ ነው ጎረቤቴ ይህን ሰው የጠቆመችኝ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። (አንቱ ልለው ነበር፤ ገና ከበር ላይ «አቦ አንቱታሽን አዲስ አበባ ላኪው» አለኝ።)

ገብቶ ማሽኑን አልጠየቀኝም። «የሻይ ማንቆርቆሪያሽን አምጪ» አለኝ። ውስጡን በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ያ ሁላችንም ቤት ያለው ነጭ ቅርፊት ረገፈ። ከዚያ የማሽኑን ሴል፣ ክሎሪኑን የሚያወጣውን ባለላሜራ ክፍል፣ ፈቶ አጠገቡ አስቀመጠው፤ በላሜራዎቹ መሃል ያው ነጭ ነገር ግጥም ብሏል። «የድሬ ውሃ ነው፣ ልጄ። ጨውሽ አላነሰም፤ ይሄ ስለሸፈነው ነው ማሽኑ ያነሰ የመሰለው።» ለካ ጨው ዝም ብሎ አያልቅም፣ ውሃው ሲፈስ ነው አብሮ የሚሄደው። ያንን ትርፍ ጨው ለማቅጠን ከገንዳው ውሃ አፍስሰን በአዲስ ተካን። ድሬ ላይ ውሃ ማፍሰስ! ሆዴን በላኝ።

ከዚያ ያንን ቅርፊት የሚያሟሟውን አሲድ፣ ገንዳው ውስጥ ሳይሆን ዕቃ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ አፈሰሰ (ውሃ አሲድ ላይ እንዳይደፋ ጮኾ ነው ያስጠነቀቀኝ፣ ልጄንም ከግቢ አስወጣ)፣ ሴሉን ነከረ። አረፋው ቱፍ ቱፍ ሲል እሱ ሻዩን ይጠጣል። ሲያበቃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ያዘውና ዝም አለ። ካቻቢቴው የጫረበትን ቦታ አሳየኝ፤ የላሜራው ቅብ ተነስቷል፣ አይመለስም።

«ሴል እንደ መኪና ጎማ ነው፣ ያልቃል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ነው። ይሄኛው ምናልባት አንድ ዓመት ይሰራልሻል። ብር አጠራቅሚ፣ ዛሬ ግን አትግዢ።»

ዛሬ ግን አትግዢ! ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ ይህን ቃል ከባለሙያ አፍ መስማት ምን ማለት እንደሆነ የተቃጠለ ያውቀዋል። የጠየቀኝን ብር ልጽፈው አፍራለሁ፣ በጣም ትንሽ ነበር።

ሰርገኞቹ ዋኙ። ገንዳ ያላችሁ፣ ሆቴል ያላችሁ፣ በእናታችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጥሩ። ሐረርም ይሄዳል፣ ትራንስፖርቱን ቻሉት። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ራሱ ደወለ። ሂሳብ የቀረ መስሎኝ ደንገጥ ብዬ አነሳሁ። «ሴሉን ከፍተሽ አየሽው?» ነው ያለኝ።