ለቤት ዴይኬር «ፉድ ፕሮግራም» ያዋጣል? ከስፖንሰሩ እስከ ጾም ወተቱ

አሜሪካ ውስጥ በቤታቸው ዴይኬር የሚሠሩ ሐበሾች «ፉድ ፕሮግራም» የሚሉት በይፋ የሕፃናትና የአዋቂዎች እንክብካቤ የምግብ ፕሮግራም ይባላል። የፌዴራሉ የግብርና ዲፓርትመንት ገንዘብ ነው፤ ላይሰንስ ላለው የቤት ዴይኬር ለልጆቹ ላቀረበው ምግብ በየወሩ ይከፍላል። ክፍያው የሚመጣው ስፖንሰር በሚባል፣ ፕሮግራሙን በአካባቢው በሚያስተዳድርና በሚቆጣጠር ድርጅት በኩል ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቲየር አንድ (ከፍተኛው የክፍያ ደረጃ) ከሆናችሁ አለመግባት ገንዘብ መተው ነው። ቲየር ሁለት (ዝቅተኛው) ከሆናችሁ የሚያዋጣው በየቀኑ ለመመዝገብ ትዕግሥቱ ካላችሁ ብቻ ነው። የሚከብደው ምግብ ማብሰሉ አይደለም። የሚከብደው ወተቱና ከወላጅ ጋር የሚደረገው ስምምነት ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ከጁላይ 2023 እስከ ጁን 2024 በነበረው ተመን ቲየር አንድ ለአንድ ልጅ ቁርስ 1.65 ዶላር፣ ምሳ 3.12፣ መክሰስ 0.93 ይከፍል ነበር። ቲየር ሁለት ደግሞ 0.59፣ 1.88 እና 0.26። ተመኑ በየዓመቱ ጁላይ 1 ይስተካከላል። አምስት ልጆች በወር 20 ቀን ቁርስ፣ ምሳና አንድ መክሰስ ቢበሉ በመጀመሪያው 570 ዶላር ይመጣል፣ በሁለተኛው 273። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ቲየራችሁን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ቲየር አንድ የሚያደርጋችሁ ቤታችሁ ያለበት አካባቢ ነው፤ ማለትም በአቅራቢያው ካለው ትምህርት ቤት ቢያንስ ግማሹ ተማሪ ነፃ ወይም የቅናሽ ምሳ የሚገባው ከሆነ፣ ወይም የሕዝብ ቆጠራው መረጃ ይህን ካሳየ። ካልሆነም የራሳችሁ ቤተሰብ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ያስገባችኋል። ብዙዎች የማያውቁት ሌላ በር አለ፦ ቲየር ሁለት ብትሆኑም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ወላጆች የገቢ ፎርም ሞልተው ለስፖንሰሩ ከላኩ የእነሱ ልጆች በቲየር አንድ ተመን ይከፈላሉ። ፎርሙ በቀጥታ ወደ ስፖንሰሩ ስለሚሄድ ወላጅ ገቢውን ለእናንተ ማሳየት የለበትም። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ብዙው ወላጅ የሚሸማቀቀው በዚህ ነው።

በቀን ለአንድ ልጅ የሚከፈለው ሁለት ዋና ምግብና አንድ መክሰስ፣ ወይም አንድ ዋና ምግብና ሁለት መክሰስ ነው። የራሳችሁን ልጅ መቁጠር የምትችሉት የቤታችሁ ገቢ ከፈቀደና በዚያው ሰዓት ሌላ የሰው ልጅ አብሮ ሲበላ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ። የእኛ ምግብ ለዚህ ፕሮግራም አይሆንም የሚባለው ስህተት ነው። ምሳ አምስት ነገር ይፈልጋል፦ ወተት፣ ሥጋ ወይም የሥጋ ምትክ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል። ፍራፍሬው በሁለተኛ ዓይነት አትክልት ሊተካ ይችላል። የተቀቀለ ምስር ሩብ ካፕ አንድ አውንስ ሥጋ ይተካል። ለ1 እና 2 ዓመት ልጅ አንድ አውንስ ይበቃል፤ ከ3 እስከ 5 ለሆነው ግን አንድ ተኩል አውንስ ስለሚያስፈልግ ምስሩ የአንድ ካፕ ስምንት እጅ ሦስቱ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ያንኑ ምስር ሥጋም አትክልትም አድርጎ በመቁጠር ነው፤ በአንድ ማዕድ አንዱን ብቻ ነው የሚቆጠርላችሁ። ምስር ወጡን ሥጋ አድርጉት፣ ጥቅል ጎመኑን ከካሮትና ከድንች ጋር አትክልት አድርጉት፣ ብርቱካን ጨምሩ። ሽሮን ግን በራሳችሁ ፍርድ ሥጋ ብላችሁ አትጻፉ፤ የምግብ አሠራሩን ለስፖንሰሩ ልካችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

እንጀራው የሚሰላው በዱቄቱ ነው። አንድ የእህል መጠን 16 ግራም ዱቄት ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የግማሹ፣ 8 ግራም፣ ይበቃል። ዱቄቱን መዝኑ፣ ከዚያ የወጣውን እንጀራ ቁጠሩ፣ አካፍሉ። ከአንድ ኪሎ ስምንት እንጀራ ከወጣ በአንዱ 125 ግራም አለ፤ ሩብ እንጀራ የሚበላ ልጅ ከሚፈለገው በላይ አገኘ ማለት ነው። ንጹሕ ጤፍ ሙሉ እህል ስለሆነ በቀን አንድ ጊዜ የሚጠየቀውንም ይሸፍናል። ጤፉ ከሌላ ዱቄት ጋር ከተቀላቀለ ቢያንስ ግማሹ ሙሉ እህል፣ ቀሪው በቪታሚን የበለጸገ መሆን አለበት። ስለዚህ የዱቄቱን ከረጢት ጽሑፍ በስልክ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የቤት አጥሚትና ገንፎ በሲሪያል ምትክ አይቆጠርም፤ ብረት የተጨመረበት የሕፃን ሲሪያል ነው የሚፈለገው።

ወተት ላይ ብዙ ገንዘብ ይቃጠላል። ከ12 እስከ 23 ወር ላለ ልጅ ሙሉ ቅባት ያለው፣ ከ2 ዓመት በላይ ላለው 1 በመቶ ወይም ቅባት አልባ ወተት ነው። ቤት ውስጥ የተለመደው 2 በመቶ፣ ልጁ 2 ዓመት ከሞላው በኋላ ካለችው አንድ የመሸጋገሪያ ወር በቀር፣ አይሆንም፤ ተቆጣጣሪ ፍሪጁን ከፍቶ እሱን ብቻ ካገኘ የዚያ ቀን ማዕድ አይከፈልም። መጠኑ ለ1 እና 2 ዓመት ግማሽ ካፕ፣ ከ3 እስከ 5 ሦስት አራተኛ ካፕ ነው፤ በቁርስም በምሳም። ሁለቱን ወተቶች በተለያየ ቀለም ክዳን ለዩ።

የጾም ጉዳይ እዚህ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ሕፃን ባይጾምም ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ «ልጄ ወተትና እንቁላል እንዳይሰጠው» የሚሉ ወላጆች አሉ። አትከራከሩ፣ ግን ወተቱን ዝም ብላችሁ አትዝለሉ። ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ያለ ሐኪም ወረቀት በሶያ ወተት መተካት ይቻላል፤ ሶያው ግን ከላም ወተት ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። በአንድ ካፕ 8 ግራም ፕሮቲንና 276 ሚሊግራም ካልሲየም መኖሩን ጀርባው ላይ አንብቡ፤ የቀሩትን ንጥረ ነገሮች ስፖንሰሩ ያጣራላችኋል። የአልመንድ ወተት በፕሮቲን ስለሚያንስ አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። ወላጁ ሶያውን ራሱ ላምጣ ካለ ከአንዱ ማዕድ አንድ ነገር ማምጣት ይፈቀድለታል፤ ሌላውን ሁሉ እናንተ ታቀርባላችሁ። ለእናትዬዋ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «እህቴ፣ ጾሙን አከብራለሁ፤ ለልጁ የሶያ ወተት እንድሰጠው ይህችን ወረቀት ፈርሚልኝ፤ በሥጋው ፈንታ ምስርና ሽምብራ አለ።» ወረቀቷን በልጁ ፋይል ውስጥ አስገቡ።

ሌላው ግጭት ከቤት የሚመጣ ምግብ ነው። አያት ጠዋት በሳህን ክክ አልጫ ላኩ፣ አባት ከመንገድ ሀምበርገር ገዛ። ልጁ ያንን ከበላ ያ ማዕድ አይመዘገብም፤ እናንተ እንደሰጣችሁ አድርጋችሁ ብትጽፉት ማጭበርበር ነው። የመግቢያ ውላችሁ ላይ የቁርስና የምሳ ሰዓቱን ጻፉ፣ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ቁርስ እንዳለፈውም ጻፉ። በፕሮግራሙ ለሚቆጠር ምግብ ከወላጅ ለብቻው ገንዘብ መጠየቅ አይቻልም። ከጨቅላ ወላጆች ጋር ግን ዘና በሉ፦ ፎርሙላ ማቅረብ የእናንተ ግዴታ ነው፣ ወላጅ እምቢ ብሎ የራሱን ወይም የጡት ወተት ማምጣት ይችላል፣ እናት መጥታ ብታጠባም ማዕዱ ይቆጠራል።

ወላጆች በየዓመቱ የልጁን ቀኖች፣ ሰዓቶችና የሚበላቸውን ማዕዶች የያዘ ፎርም ይፈርማሉ። ስፖንሰሩ ይህን ለማመሳከር ወላጅ ጋር ሊደውል ይችላል። ሳይነገረው የተደወለለት ወላጅ «ምን አድርጋ ነው?» ብሎ ይደነግጣልና አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ስፖንሰሩ በዓመት ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ቢያንስ ሁለቱ ሳይነገር ነው፣ ከእነዚያም አንዱ ልጆቹ ሲበሉ። ሜኑውና የልጆቹ ቁጥር በዕለቱ መመዝገብ አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ዓርብ ማታ የሳምንቱን በአንዴ ይሞላል፣ ማክሰኞ የቀረውንም ልጅ እንደበላ ይጽፋል። ኪድኬር የመሰለ ሶፍትዌር ያለው ስፖንሰር በስልክ ሳህኑ እንደተነሣ ለመመዝገብ ያስችላል። መዝገቡ ሦስት ዓመትና የያዛችሁት ዓመት ይቀመጣል። የከፋ ጥፋት ያልታረመ ከሆነ ስማችሁ አገር አቀፍ የታገዱ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ እስከ 7 ዓመትም ሊቆይ ይችላል።

ታክሱን ባጭሩ፦ ለሰው ልጆች የተከፈላችሁ ገቢ ነው፣ ለራሳችሁ ልጅ የተከፈላችሁ አይደለም። በወጪ በኩል አይአርኤስ ደረሰኝ ሳትቆጥሩ በቋሚ የምግብ ተመን እንድትቀንሱ ይፈቅዳል። ተመኑ ለቲየር ሁለትም ቢሆን የቲየር አንዱ ነው፣ በቀንም ለአንድ ልጅ እስከ ሦስት መክሰስ ይቆጥራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የማይከፍለውን መክሰስም ጻፉ።

በአካባቢያችሁ ከአንድ በላይ ስፖንሰር ካለ አወዳድሩ። ስፖንሰር መቀየር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከምግብ ክፍያችሁም የሚቆርጡት ነገር የለም። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክፍያው በየወሩ በስንተኛው ቀን ባንክ ይገባል፣ ምዝገባው በስልክ ነው ወይስ በወረቀት፣ የእንጀራና የሽሮ አሠራራችሁን አይተው በጽሑፍ ይመልሳሉ ወይ። ሦስተኛውን «ኋላ እናያለን» ካሉ ወደሚቀጥለው ስፖንሰር ደውሉ።