ቱሉ ዲምቱ ያለው የጠበቃ ቢሮ፦ መርከብ ላይ ሰው ለሞተባችሁ

ይሄን የምፅፈው ልጅ ወይ ወንድም መርከብ ላይ ለሞተባችሁ ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ማንን እንደምንጠይቅ እንኳን አናውቅም ነበር። ወንድሜ ባቦጋያ ማሪታይም ተምሮ በኢንጂነርነት የውጭ መርከብ ላይ ገባ፣ አምና እንጨት የተጫነበት ታችኛው ክፍል ወርዶ ኦክስጅን አጥሮት እዛው ቀረ። አስከሬኑ መጣ፣ ቀበርን፣ አርባው ሳይወጣ ከኤጀንቱ ኢሜይል ደረሰን፣ ካሳ ስለሚከፈላችሁ ይሄን ፈርማችሁ ስካን አርጋችሁ ላኩ ይላል።

መጀመሪያ የሄድንበት ጠበቃ ወረቀቱን ሳያነብ ከሚገኘው ሰላሳ ፐርሰንት አለን፣ ወጣን። ቱሉ ዲምቱ ያለውን ቢሮ የጠቆሙን ጎረቤታችን ናቸው፣ እኛ ኮዬ ፈጬ ስለሆንን ቅርብ ነው። ሶስተኛ ፎቅ ነው ሊፍት የለውም፣ እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁለቴ አርፋ ነው የወጣችው፣ ይሄን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ግን ስትገባ ጠበቃው ራሳቸው ተነስተው ወንበር አቀረቡላት፣ "ነፍስ ይማር እናቴ፣ እግዚአብሔር ያፅናዎት" ብለው ስለ ልጇ ጠየቋት፣ ስለ ገንዘብ ያነሳ የለም።

ከዛ እርሳስ ይዘው ወረቀቱን መስመር በመስመር እያነበቡ በአማርኛ ነገሩን። አንድ ቦታ አሰመሩና ቆሙ። ይሄን ገንዘብ ከተቀበልን በመርከቡ ባለቤት ላይ ሌላ ምንም ጥያቄ የለንም የሚል ነው! በፈረንጆች የ2006ቱን ዓለም አቀፍ የባህር ሰራተኞች ስምምነት ከፍተው ከሱ ጋር የተያያዘውን የደረሰኝ ቅፅ አሳዩን፣ እዛ ላይ የኮንትራቱን ካሳ መቀበል በጥፋት ምክንያት ፍርድ ቤት የመጠየቅ መብትን አይነካም ነው የሚለው። በፈረንጆች ከ2017 ጀምሮ ደግሞ መርከቡ ለሞት ካሳ ዋስትና እንዳለው የሚያሳይ ሰርተፍኬት መርከቡ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ካሳው ሳይዘገይ በሙሉ ይከፈላል፣ ከኮንትራቱ ያነሰ ተቀበሉ ብሎ መጫን ክልክል ነው። ወንድሜ የነበረበት መርከብ የተመዘገበው በላይቤሪያ ባንዲራ ስር ነበር፣ ስምምነቱን ከሁሉም ቀድማ ያፀደቀችው እሷ ናት አሉን። የመርከቡን ባለ ሰባት አሃዝ መለያ ቁጥር ኢኩዋሲስ የሚባል ነፃ ዌብሳይት ላይ አስገብተው ባለቤቱንም ኢንሹራንሱንም እዛው አወጡ፣ እኛ ይሄን ሁሉ ጊዜ የምናውቀው ኤጀንቱን ብቻ ነው።

ጥፋት የሚባለው ምን እንደሆነ ሲያስረዱን፣ እንጨትም ድንጋይ ከሰልም የዛገ ብረትም የተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን ይጨርሳሉ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት አየሩ በመሳሪያ ተለክቶ የመግቢያ ፈቃድ መፃፍ አለበት አሉ። እማዬ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ "ታዲያ ልጄን ሳይለኩ ነው ያስገቡት?" አለች። ያንን ነው የምንጠይቃቸው እናቴ አሏት፣ ተለክቷል ወይ አልተለካም ብለው አልዋሿትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ዘመዳችን አሜሪካ ክሰሱ እያለ ሲደውል ነበር። የአሜሪካ የ1920 ህግ ከባህር ዳርቻቸው ከ3 ኖቲካል ማይል በላይ ለሞተ ሰው ቤተሰብ መክሰስ ይፈቅዳል፣ ጊዜውም 3 ዓመት ነው፣ ግን መርከቡም ባለቤቱም ከአሜሪካ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ከሌለ አያስኬድም ብለው ቁርጡን ነገሩን። የሌላም አገር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ሊያጥር ስለሚችል አትዘናጉ።

የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ውክልና፣ ትርጉም፣ ውጭ ጉዳይ ማህተም፣ ይሄ ሁሉ ሩጫ አለው። ቅር ያለኝ የትርጉም ክፍያውን ቀድመው አለመንገራቸው ነው፣ ስልክም ከሰዓት በኋላ አያነሱም። ግን ያ መስመር ከወረቀቱ ወጣ፣ የኮንትራቱ ካሳ በአራት ወሩ ሙሉውን ገባ፣ የጥፋቱ ጉዳይ ገና በክርክር ላይ ነው።

ስትሄዱ ኮንትራቱን፣ የሲማን ቡኩን (የባህረኛ መታወቂያ ደብተሩን) ኮፒና ኢሜይሎቹን በሙሉ ያዙ። የሟቹን ስልክ ከመርከብ ሲልኩላችሁ ደግሞ በምንም ተአምር ፎርማት እንዳታረጉት። ወንድሜ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ድምፅ ልኮልኝ ነበር፣ "እህቴ ሶስት ቀን ሙሉ ከአምስት ሰዓት በላይ አልተኛሁም" ይላል። በ2006ቱ ስምምነት የመርከብ ሰራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት እረፍት አለው። ጠበቃው ሁለቴ ከሰሙት በኋላ ኮፒ አርገው ፋይሉ ውስጥ አስገቡት።