ኔላቶን ካቴተር 14 ቁጥር፣ የተጠቃሚ ሪቪው

ስለ ስልክ ስለ ጫማ ሪቪው ሞልቷል፣ ስለዚህ የሽንት ማፍሰሻ ቱቦ ግን ባማርኛ የሚያወራ የለም፣ ስለዚህ እኔ ልጻፈው፣ የሚያፍር ካለ ይለፈው። ከመኪና አደጋ በኋላ ህብለ ሰረሰሬ ቲ 10 ላይ (ከጀርባ አጥንቱ የደረት ክፍል 10ኛው ጋ) ተጎድቶ ዊልቸር ላይ ነኝ። ሽንቴ ሲመጣ አይሰማኝም፣ ሲሞላም በራሱ በስርዓት አይወጣም፣ ከሆስፒታልም እንደ ብዙው ሰው ፎሊ (ፊኛ ውስጥ ገብቶ እዛው የሚቆየው ባለ ባሎን ቱቦ) ተደርጎልኝ ከረጢቱን እግሬ ላይ አስሬ ነው የወጣሁት። አሁን የምጠቀመው ኔላቶን ነው፣ ጫፉ ላይ በውሃ የሚነፋ ባሎን የሌለው ቀጥ ያለ ቱቦ፣ አስገብታችሁ ሽንቱን አፍስሳችሁ ወዲያው የምታወጡት።

በመጀመሪያ ስለ መግዛቱ። ፋርማሲ ገብታችሁ "ካቴተር" ብቻ ካላችሁ አስር ጊዜ ብትሄዱ አስር ጊዜ ፎሊ ነው የሚሰጧችሁ፣ ስለዚህ ስሙን ጥሩ፣ ኔላቶን በሉ፣ ቁጥሩን በሉ፣ የወንድ ወይስ የሴት የሚለውንም በሉ። አንዴ ታናሽ ወንድሜን ልኬው አንድ ፋርማሲ (ስሙ ይቅር) የሴቱን ሸጠውለት መጣ። የወንዱ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ የሴቱ ግማሹን ቢያክል ነው፣ ለእኛ ፊኛው ጋ ሳይደርስ ያልቃል፣ ሰዓቱ ደርሶ ሆድ ተወጥሮ እያለ ፓኬት ከፍቶ ይሄን ማየት ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኘው። ከዛ ወዲህ ራሴ ነው የምሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜ ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የህክምና ዕቃ ሱቆች። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ሻጯ ዊልቸሬን የሚገፋውን ወንድሜን ቀና ብላ "ለሱ ስንት ቁጥር ነው ያዘዙለት?" ትለዋለች፣ እኔ ከታች ሆኜ "14 ስጪኝ እህቴ፣ አረንጓዴውን" ስላት ነው የምታየኝ።

አረንጓዴ ያልኩት ከውጭ የሚቀረው ሰፊው ጫፍ ቀለሙ ቁጥሩን ስለሚናገር ነው። 10 ጥቁር፣ 12 ነጭ፣ 14 አረንጓዴ፣ 16 ብርቱካናማ። ቁጥሩ የውፍረት ነው፣ ለ 3 ስታካፍሉት ሚሊሜትሩ ይመጣል፣ ማለትም 12 ቁጥር 4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ወፍራም ቶሎ ያፈሳል ብላችሁ 18 አትግዙ፣ ሐኪሙ ያዘዘላችሁን ያዙ።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ፕላስቲኩ ራሱ ችግር የለበትም፣ ጠንከር ስለሚል በእጅ ለመምራት ይመቻል እንዲያውም። ልዩነቱ ያለው ጫፉ ጎን ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ነው። በደንብ የተሰራው ላይ የቀዳዳው ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ርካሹ ላይ ተቆርጦ እንደወጣ የቀረ ነው፣ ስለታም፣ እና እኛ ስለማይሰማን ውስጥ ሲቧጭር የምናውቀው ደም ስናይ ነው። እኔ አዲስ ዓይነት ስገዛ ካርቶን ከመውሰዴ በፊት አንዷን መስዋዕት አድርጌ እከፍታለሁ፣ ጥጥ ቀዳዳው ላይ እጎትታለሁ፣ የጥጥ ክር ከያዘ አልገዛም። ሻጮቹ ይገረማሉ፣ ይገረሙ።

ጄል ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ከዕቃው ጋር አይመጣም፣ ይሄ አንዱ ጉድለቱ ነው። በውሃ የሚታጠበውን የህክምና ጄል ነው የምትገዙት፣ ቫዝሊን አይሆንም፣ ቅባት አይሆንም። ወንድ ከሆናችሁ ጫፉን ብቻ ነካ አድርጋችሁ አትተዉ፣ አብዛኛውን የሚገባውን ክፍል ቀቡት። አጠቃቀሙን ነርስ አጠገባችሁ ሆና ነው መማር ያለባችሁ፣ ግን ባጭሩ፣ እጅ በሳሙና፣ አካባቢው በሳሙናና ውሃ፣ ብልትን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ መሃል ላይ የሚይዝ ቦታ አለ፣ እዛ ጋ አትግፉ፣ ቆም በሉ፣ በረጅሙ ተንፍሱ ወይ ሳል በሉ፣ ይለቃል። ሽንቱ መውረድ ሲጀምር ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ጨምሩ። ሲያቆም በአንዴ አትሳቡት፣ ስትስቡ መሃል ላይ እንደገና ይወርዳል፣ እዛ ጋ ጠብቁት፣ የቀረችው ናት ኢንፌክሽን የምታመጣው።

ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ትልቁ ጥያቄ ንጽህናው ነው፣ እኔም ፎሊውን ለማውጣት የፈራሁት ለዚህ ነበር። ግን በ1972 (በፈረንጅ) ላፒደስ የሚባል የሚሺጋን ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ሐኪም) ያሳየው ነገር አለ፣ የኦፕሬሽን ክፍል ዓይነት ስቴራይል (ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ) እንዲሆን ግድ አይደለም፣ ንጹህ ይበቃል፣ ዋናው ፊኛው ከልክ በላይ እንዳይወጠር በሰዓቱ ማፍሰስ ነው። ስለዚህ አንድ ጆግ ውሃና ሳሙና ካለኝ ይበቃኛል፣ አልጋዬ ስር ሁልጊዜ ጀሪካን አለ። የኔ ሰዓት ጠዋት 12፣ 5 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ ማታ 3 ነው፣ ሐኪሜ የነገረኝ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ ባንዴ ከ500 ሚሊ እንዳያልፍ ነው። መስመር ያለው ጆግ ገዝታችሁ ለክታችሁ ጻፉ፣ ካለፈ ወይ ውሃውን ወይ ሰዓቱን ታስተካክላላችሁ።

እዚህ ላይ የኛ አገር ኑሮ ይገባል። ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የቆየ ሰው ማታ ባንዴ አንድ ሊትር ቢጠጣ ፊኛው አይጠይቀውም፣ ይሞላል። ቡናም እንደዛው፣ አቦል ቶና በረካ ብሎ ተቀምጦ የወትሮውን ሰዓት መጠበቅ አይቻልም፣ እናቴ ቡና ካፈላች እኔ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው የማፈሰው። ቀይ ስር በልታችሁ ደግሞ ቀይ ሽንት ብታዩ መጀመሪያ ምሳችሁን አስታውሱ።

ከፎሊ ጋር ሳወዳድረው፣ ሱሪ መልበስ ቻልኩ፣ ሰው መሃል ከረጢቴ ሞላ አልሞላ ብዬ አላይም፣ ትኩሳቱም እንደ በፊቱ አይመላለስም። ግን ፎሊን አላጣጥልም፣ እጁ የማይታዘዝለት፣ አንገቱ ላይ የተጎዳ፣ በየሰዓቱ የሚረዳው ሰው የሌለው ምርጫው ያ ሊሆን ይችላል፣ በጊዜው ከተቀየረ። የላቴክሱ ብዙ ጊዜ በወር ገደማ ነው የሚቀየረው፣ ሲሊኮኑ እስከ 3 ወር ይሄዳል። ጉዳታችሁ ቲ 6 እና ከዛ በላይ ከሆነ ደግሞ ይሄን ያዙልኝ፣ ድንገት ራስ የሚፈነቅል ህመም፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ፣ ፊት መቅላት ከመጣ ደም ግፊት እየተተኮሰ ነው፣ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ ልብስ አላሉ፣ ቱቦው ታጥፎ ወይ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፣ ኔላቶን ከሆነ ወዲያው አፍስሱ፣ ካልለቀቀ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ጠዋት ይታያል የሚባል ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ውዱ ዓይነት። እህቴ ሜሪላንድ ስላለች ሰው ሲመጣ ሃይድሮፊሊክ የሚባለውን ትልክልኛለች፣ እነ ስፒዲካት እነ ሎፍሪክ የዚህ ዘር ናቸው። ላዩ ላይ ውሃ ሲነካው የሚንሸራተት ሽፋን አለው፣ ጄል አይፈልግም፣ ሲገባ ዓሣ ነው በቃ። አሜሪካ ሜዲኬር በወር እስከ 200 ካቴተር ይሸፍናል፣ ስሰማ ቀናሁ፣ አልዋሽም። እኔ የማስቀምጣቸው ለጉዞ፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ ነው፣ ጄል ማውጣት በማይመችበት ቦታ። ግን እሱ ስለጠፋ ፎሊ ላይ ልቆይ የሚል ሰው ካለ አይሆንም፣ ተራው ኔላቶን በጥሩ ጄልና በሰዓቱ ስራውን ይሰራል። ሃይድሮፊሊክን አጥቦ መድገም ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፣ ሽፋኑ ከደረቀ ይጣበቃል።

ስለ መድገም ካነሳን፣ የኔላቶኑም ፓኬት ላይ 2 ቁጥር ተሰርዛ ያለችበት ምልክት አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማለት ነው። ብር አጥሮት አጥቦ የሚደግም እንዳለ አውቃለሁ፣ አልፈርድም፣ ቢሆንም ከሐኪሙ ጋ ይነጋገርበት፣ ለሌላ ሰው የተጠቀመበትን ማዋስ ግን ቀልድ አይደለም።

አንድ የወደድኩት ነገር፣ ሰፊው ጫፍ የሽንት ከረጢቱ አፍ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ራይድ ውስጥ ወይ ሽንት ቤቱ ደረጃ ባለበት ካፌ (የትኛው የለውም?) ባለ 2 ሊትሩን ከረጢት ጫፉ ላይ ሰክቼ ነጠላ ጣል አድርጌ ተቀምጬ አፈሳለሁ፣ ማንም አያውቅም። ፊዚዮቴራፒ የማገኛት አንዲት እህት የሴቱን አጭሩን እንደዚሁ ነው የምትጠቀመው፣ መጀመሪያ በመስታወት ተምራ አሁን በእጇ ብቻ ታገኘዋለች።

ሌላው፣ ላብራቶሪ ሄዳችሁ "ባክቴሪያ አለ" ስለተባላችሁ ብቻ ሮጣችሁ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ አትዋጡ። በካቴተር የሚያፈስ ሰው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው፣ ሽታውና መደፍረሱ ብቻውንም አይበቃም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እግር ከወትሮው በላይ መንቀጥቀጥ፣ በመሃል ማንጠባጠብ ከመጣ ግን ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ከልቸር (ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነ የሚለይበትን የሽንት ምርመራ) አሰሩ፣ መድኃኒቱ ከዛ በኋላ ነው። በዘፈቀደ እየዋጥን ቆይተን የእውነት የታመምን ቀን የሚሰራ ይጠፋል።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ ለራሱ ለኔላቶኑ ከ5 4፣ አንዷን የቀነስኩት በየጊዜው ከገበያ ስለሚጠፋና ዋጋው በተጠየቀ ቁጥር ስለሚለወጥ ነው፣ ለዛም ነው ዋጋ ያልጻፍኩት። አንድ ጓደኛዬ ፕሮስቴቱ ስላበጠ ጫፉ ጠምዘዝ ያለውን ታዞለት ፍለጋ ላይ ነን፣ 14 ቁጥር፣ አዲስ አበባ የት እንዳለ ያያችሁ ንገሩኝ።