«ሹሙ ይልቀቅ» የሚል ማመልከቻ ማጻፍ፦ የጎንደር ራፖር ጸሐፊዎች አገልግሎት ሲመዘን

በጎንደር በፍርድ ቤትና በክፍለ ከተማ ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ለቀለብ፣ ለውርስና ለይዞታ ጉዳይ ሲጽፉ እጃቸው የተፍታታ ነው። ቅርጹን ያውቁታል፣ ክፍያውም በገጽ ስለሆነ ባለጉዳይን አያስጨንቅም። «ይህ ሹም በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ጥፋት ስለፈጸመ ሥልጣን ይልቀቅ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ግን ሥራቸው ይላላል። አንዱን ቢሮ ያጎደለ ሰው ተዛውሮ በሌላው ላይ ሲሾም ዝም ማለት ስለማይገባ፣ ጉዳዩ የተሻለ ጽሑፍ ይገባዋል።

ትልቁ ጉድለት ቅጽል ማብዛት ነው። «ድሃን ያስለቀሰ፣ ሕዝብን የመዘበረ» እየተባለ ሁለት ገጽ ይሞላል፤ መቼ፣ የት፣ በየትኛው ሰነድ የሚለው አይገኝም። መርማሪ ደብዳቤውን ሲከፍት የሚፈልገው ሹሙ ያኔ የነበረበትን የሥራ መደብ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ወርና ዓመት፣ የሰነዱን ቁጥርና የፈረመውን ሰው ነው። ጉዳዩ የግምጃ ቤት ዕቃ ከሆነ ገቢው በዕቃ መቀበያው ደረሰኝ በሞዴል 19፣ ወጪው በዕቃ ማውጫው ደረሰኝ በሞዴል 22፣ ቀሪው በቆጠራ ይታያል፤ ከሦስቱ የወጣውን ጉድለት በአንድ መስመር ማስቀመጥ አሥር ቅጽል ከመደርደር ይሻላል። የመሬት ከሆነ ቦታው የተሰጠበት ቃለ ጉባኤ ቀንና ቁጥር ይጻፍ። ሰነዱ እጅ ላይ ከሌለ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ምላሽ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ይህን መንገድ ለባለጉዳይ የሚያሳይ ጸሐፊ ካገኙ አይልቀቁት።

ክሊራንስን መፍራትም አለ። ሹሙ ክሊራንስ ይዞ ከወጣ «ንጹሕ ነው ማለት ነው» ብለው የሚመልሱ ጸሐፊዎች አሉ። ክሊራንስ የሚያሳየው የተረከበውን ንብረት መመለሱንና ዕዳ እንደሌለበት ብቻ ነው። ስለ ጉቦ፣ ስለ ቅጥር አድልዎ፣ ስለ ተጭበረበረ ጨረታ አንድም ቃል አይናገርም።

ጥያቄውም ይደበላለቃል። «ይታሰር፣ ይነሳ፣ ይልቀቅ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታጨቃል፤ ሦስቱ ግን ደጃቸው ለየቅል ነው። ወንጀሉ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ታይቶ በፍርድ ያልቃል። ማንሳት የሿሚው ሥልጣን ነው፤ ሰውየው የሕዝብ ተመራጭ ከሆነ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 መራጩ እምነት ሲያጣ እንዲያነሳው ፈቅዷል። መልቀቅ የራሱ የሹሙ ውሳኔ ስለሆነ ፍርድ እስኪሰጥ መጠበቅ አያስፈልገውም። በቀድሞ ቦታው የነዳጅ ኩፖን ማጉደሉ በኦዲት የተረጋገጠ ሰው ዛሬ የፋይናንስ ኃላፊ ከሆነ ዛሬውኑ መልቀቅ አለበት። ከዓመታት በፊት በማርፈድ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ግን የመልቀቂያ ምክንያት አይሆንም፤ ይህን ከዋናው ክስ ጋር የሚቀላቅል ጸሐፊ ዋናውንም ያቀልለዋል።

«ሕጉ ይጠብቅዎታል» የሚለውን ተስፋ በጥንቃቄ ይስሙ። የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ነው፤ ለማንኛውም የዲሲፕሊን ጥፋት አይደለም። ሐሰት መሆኑን እያወቁ መወንጀል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 ያስቀጣል። ስለዚህ በዓይን የታየው፣ በሰነድ የተገኘውና የተሰማው በየአንቀጹ ተለይቶ ይጻፍ።

ግልባጭ ለአሥር መሥሪያ ቤት መበተንም የብዙዎቹ ልማድ ነው። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ጉዳዩ ይሞታል፤ ለሿሚው አካልና ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል ሁለት ይበቃል። ሦስተኛው ቅጂ ከእርስዎ ጋር ይቅር፤ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያሳርፍበት ከመስኮቱ አይነሱ።