ካቢን ከተያዘ በኋላ ሰው ሲጨመር፦ እዚያው ማስገባት ይሻላል ወይስ ሁለተኛ ካቢን?

ለክሩዝ (ለመርከብ ሽርሽር) ቀብድ ተከፍሏል፣ የካቢን (የመርከቡ መኝታ ክፍል) ቁጥር ወጥቷል፣ ሁለት ስም ተመዝግቧል። ከዚያ እህት፣ ትልቁ ልጅ ወይም እረፍት አላገኝም ብሎ የነበረ ጓደኛ «እኔም ልምጣ» ይላል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ደውሎ የሚጠይቀው «ሦስተኛ አልጋ አለ ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቁ ጥሩ ነው፤ ወጪያችሁን የሚወስኑት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መርከቡ አንድ ሰው ለመጨመር ፈቃድ ያለው መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀድማችሁ የያዛችሁት ዋጋ ሳይነካ መቆየቱ ነው። አማራጮቹን የማወዳድረውም በእነዚህ ሁለት ነው።

አልጋ እያለ ለምን «አይቻልም» ይባላል?

የክሩዝ ዋጋ የሚሰላው አንድ ካቢን ውስጥ ሁለት ሰው እንደሚያርፍ ታስቦ ነው። ኩባንያዎቹ «መርከቡ መቶ በመቶ ሞላ» የሚሉትም በየካቢኑ ሁለት ሁለት ሰው ሲገባ ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ልጆች ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ስለሚሳፈሩ ይህ ቁጥር ከመቶ በላይ ይሄዳል። ይሁንና ማለፍ የማይቻል ጣሪያ አለ፤ እሱም መርከቡ እንዲያሳፍር በደኅንነት ሰርተፍኬቱ የተፈቀደለት የሰው ብዛት ነው።

የዚህ ደንብ መነሻ ታይታኒክ ነው። መርከቡ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሰጠመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ስምምነት፣ ረጅም ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርግ የመንገደኞች መርከብ በእያንዳንዱ ጎኑ ቢያንስ ከተሳፈረው ሰው 37.5 በመቶ የሚሆነውን የሚይዙ የሕይወት አድን ጀልባዎች ሊኖሩት ይገባል፤ የቀረው በሚነፉ የሕይወት አድን ታንኳዎች ሊሸፈን ይችላል። እያንዳንዱ ካቢን ደግሞ በአደጋ ጊዜ ተሳፋሪው የሚሰበሰብበት ጣቢያ ተመድቦለታል። ስለዚህ የናንተ ካቢን አራት አልጋ ኖሮት፣ እናንተ ሁለት ብቻ ሆናችሁ፣ የጣቢያው ኮታ ግን ጎረቤት ካቢኖች ባስገቧቸው ልጆች አልቆ ሊሆን ይችላል። በእናቱ እቅፍ ያለ ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ሕፃን ለመጨመር ያሰባችሁ ደግሞ ዕድሜውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ መስመሮች (የክሩዝ ኩባንያዎች) ከ6 ወር በታች፣ ውቅያኖስ በሚያቋርጡ ጉዞዎች ላይ ደግሞ ከ12 ወር በታች ያለ ሕፃን አያሳፍሩም።

ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛ ይህን ሁሉ አያብራራም፤ «ካቢኑ ሦስተኛ ሰው አይቀበልም» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ሳትዘጉ «የማይቀበለው ካቢኑ ነው፣ አካባቢው ነው ወይስ መርከቡ?» ብላችሁ ጠይቁ። አካባቢ ሲባል አንድ ጣቢያ የሚጋሩት ካቢኖች ናቸው። ችግሩ የካቢኑ ከሆነ እዚያው ደረጃ ላይ ሦስት ሰው ወደሚይዝ መዛወር ይቻላል። የአካባቢው ከሆነ በሌላኛው የመርከቡ ጫፍ ያለ ካቢን ሊያስገባችሁ ይችላል። የመርከቡ ከሆነ ለጊዜው ተዘግቷል ማለት ነው።

እዚያው ካቢን ውስጥ ማስገባት

ከተፈቀደ ብዙ ጊዜ ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ያነሰ የጉዞ ዋጋ ይከፍላሉ። አንዳንዴም «ሦስተኛና አራተኛ በነፃ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። እሱ ግን «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» ዓይነት ነው፤ ነፃ የሚሆነው የጉዞው ዋጋ ብቻ ሲሆን ግብሩ፣ የወደብ ክፍያውና በየቀኑ የሚታሰበው የሠራተኞች ጉርሻ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጣጣ የዋጋ መታደስ ነው። ስም ሲጨመር አንዳንድ መስመሮች ምዝገባውን በሙሉ በዕለቱ ዋጋ እንደገና ያሰሉታል። ከወራት በፊት በቅናሽ የያዛችሁት የሁለቱ ሰዎች ዋጋ በዚያው ይጠፋል፤ አብሮት የተሰጠ የኢንተርኔት ወይም የመጠጥ ስጦታም ሊነሳ ይችላል። ሌሎች መስመሮች ደግሞ የቀድሞውን ዋጋ እንዳለ ትተው አዲሱን ሰው ብቻ በዛሬ ዋጋ ይጨምራሉ። ልዩነቱ ብዙ ብር ነው፤ ስለዚህ «ጨምሩልኝ» ከማለት በፊት «የሁለታችን ዋጋ ሳይነካ የሦስተኛው ብቻ ስንት ይሆናል?» ብሎ የጽሑፍ ስሌት መቀበል ያስፈልጋል።

የመጠጥ ፓኬጅም አለ። በብዙዎቹ ትልልቅ መስመሮች አንድ አዋቂ ገደብ የለሽ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ በዚያው ካቢን ያሉ አዋቂዎች ሁሉ መግዛት አለባቸው። አልኮል የማይቀምስ ዘመድ ስታስገቡ በቀን ስንት እንደሚያስከፍላችሁ አስቡት። ሁለተኛ ካቢን መያዝ ይህን ግዴታ ያስቀራል፤ በዋጋ ንጽጽር ላይ ግን ማንም አያነሳውም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። መስኮት የሌለው ተራ ካቢን ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ነው፣ መታጠቢያ ቤቱን ጨምሮ። ሦስተኛው አልጋ ወይ ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ ወርዶ በመሰላል የሚወጡበት ነው፣ ወይ ደግሞ የሚዘረጋ ሶፋ። የላይኛው ሲወርድ ከታች የተኛው ሰው ቀና ብሎ መቀመጥ ይቸግረዋል፤ ሌሊት የተነሳ ሰው መሰላሉን በእግር ጣቱ ያገኘዋል። ሶፋው ሲዘረጋ ደግሞ ወደ በረንዳው መሄጃው ይጠባል፣ አንዳንዱ ካቢን ላይ ጭራሹን ይዘጋል። ሻንጣ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ መታጠቢያ ቤቱ ግን አንድ ነው፣ እራት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም እኩል ይፈልገዋል። ለልጅ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ የላይኛውን አልጋ ለመያዝ ይጣላሉ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ወይም ለሚያንኮራፋ አዋቂ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ ካቢን

የሁለተኛ ካቢን ጠላቱ ብቻውን የሚተኛ ሰው የሚጠየቀው ጭማሪ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው የጉዞ ዋጋ ይከፍላል፤ ግብርና ጉርሻው ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። ለብቸኛ ተጓዥ ተብለው የተሠሩ ጠባብ ካቢኖች ያሏቸው መርከቦችም አሉ። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን እ.ኤ.አ. በ2010 ኤፒክ በተባለው መርከቡ «ስቱዲዮ» ብሎ ከጀመረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። እነዚህ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ፤ ካገኛችሁ ግን ስሌቱን ይቀይሩታል።

በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡ ናቸው፤ የራሳችሁን ተክታችሁ አስሉ። የሰባት ሌሊት ጉዞ ነው፣ ሁለታችሁ በነፍስ ወከፍ 900 ዶላር ይዛችኋል። ግብርና የወደብ ክፍያ ለአንድ ሰው 150፣ ጉርሻ በቀን 18፣ ማለትም በጠቅላላው 126 ነው።

የቀድሞው ዋጋ ሳይነካ ሦስተኛው በ450 ቢገባ፣ 726 ዶላር ይጨመራል። ዋጋው ታድሶ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወደ 1,100 ቢወጡ ግን በዚያ ላይ 400 ይጨመርና 1,126 ይደርሳል። ሦስተኛው ሰው ለብቻው መስኮት የሌለው ካቢን ቢይዝ (ዋጋው ለአንድ ሰው 700፣ እጥፉ 1,400) ከግብርና ከጉርሻ ጋር 1,676 ይሆናል። የብቸኛ ተጓዥ ካቢን በ1,000 ቢገኝ ደግሞ 1,276።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዋጋው ከታደሰ በኋላ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆኖ በመጨናነቅና የብቸኛ ተጓዥ ካቢን በመያዝ መካከል ያለው ልዩነት 150 ዶላር ብቻ ነው። ለሰባት ሌሊት እንቅልፍና ለራስ መታጠቢያ ቤት ይህ ውድ አይደለም። ዋጋው ካልታደሰ ግን 550 ነው፤ እኔ ብሆን ሦስተኛው ልጅ ወይም ወጣት ከሆነ እዚያው አስገባለሁ።

የሚጨመሩት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ስሌቱ ወደ ሁለተኛ ካቢን ያዘነብላል፤ ምክንያቱም የብቸኛ ጭማሪው ይቀራል። ሁለቱ እዚያው ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ቢገቡ 1,452፣ የራሳቸውን መስኮት የለሽ ካቢን ቢይዙ 1,952። ለአንድ ሰው 250 ጨምሮ ሁለት መታጠቢያ ቤትና እንደ ልብ መንቀሳቀሻ ይገኛል። አራት አዋቂዎችን አንድ ካቢን ውስጥ እንዲገቡ የምመክረው ጉዞው ሦስት አራት ሌሊት ብቻ ሲሆን ነው።

በሁለተኛው ካቢን ልጆች ብቻቸውን የሚያርፉ ከሆነ የዕድሜ ደንቡን ጠይቁ። ብዙ መስመሮች በየካቢኑ አንድ አዋቂ እንዲመዘገብ ያዛሉ፤ ከወላጆች ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ላለ ካቢን ግን ይፈቅዳሉ። በመሃል በር የሚገናኙ ሁለት ካቢኖች ከተገኙ ለቤተሰብ የሚመች ነው፤ ድምፅ ግን በዚያ በር ሾልኮ ያልፋል። ሁለቱን ምዝገባዎች ማያያዝም አትርሱ፣ አለበለዚያ እራት ላይ የተለያየ ጠረጴዛ ሊደርሳችሁ ይችላል።

ሌሎች መላዎች

ብቻውን የያዘ ሰው ሁለተኛ ሰው ሲጨምር ከሁሉ ይቀላል። የሁለት ሰው ዋጋ አስቀድሞ ስለከፈለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ግብር፣ የወደብ ክፍያና ጉርሻ ብቻ ነው። አንዱ ቀርቶ ሌላው የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ስም መተካት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከመጀመሪያዎቹ ስሞች ቢያንስ አንዱ እንዲቆይ ነው። የአየር ትኬቱና ኢንሹራንሱ ግን አብረው አይዛወሩም።

ሰርዞ ሦስት ሰው በሚይዝ ካቢን እንደ አዲስ መያዝ የሚያዋጣው ዋጋ ከወረደ፣ ቀብዱም ተመላሽ ከሆነ ብቻ ነው። አዲሱ በእጃችሁ ሳይገባ አሮጌውን አትልቀቁ።

ጊዜው

ቀሪ ሒሳብ የሚከፈልበት ቀን ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ቀኑ እንደ መስመሩና እንደ ጉዞው ርዝመት ይለያያል፤ መነሻው 90 ቀን አካባቢ ሲቀረው መሆኑ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት መጨመር፣ መቀነስና መዛወር በአብዛኛው ያለ ቅጣት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሰው ሙሉውን ወዲያው ይከፍላል፤ ሐሳቡን ከቀየረም የስረዛ ቅጣቱ መነሻው በተቃረበ ቁጥር ይከብዳል።

ታዲያ ይኸው ቀን ለዘገየ ሰው መልካም አጋጣሚም ይዞ ይመጣል። መክፈል ያልፈለጉ ሰዎች የሚሰርዙት ያኔ ስለሆነ ካቢንም የሰው ኮታም ይለቀቃል። ትናንት «ሞልቷል» የተባላችሁበት መርከብ በማግስቱ ሲደወል የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ገና ካቢን ያልያዛችሁና «ምናልባት ይመጣል» የምትሉት ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ ተመላሽ በሚሆን ቀብድ ከመጀመሪያው ሦስት ብላችሁ ያዙ። ስም መቀነስ ከመጨመር ይቀላል፤ ቀሪ ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ከሆነ።

መጨረሻ ላይ የሚዘጋው የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር ነው፤ ብዙ መስመሮች መነሻው ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ይዘጉታል። ቪዛ ለሚያስፈልገው ሰው ግን በሩ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይዘጋል። ለምሳሌ የሸንገን ቪዛ (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው ቪዛ) ማመልከቻ በደንቡ ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። መርከቡ ከጣሊያን ተነስቶ ከሸንገን አገሮች ውጭ የሆነችው ቱርክ ደርሶ ከተመለሰ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። ሰውየው ቪዛው በእጁ ካልሆነና ቀሪ ሒሳብ የመክፈያው ቀን ካለፈ፣ ካቢን ውስጥ ቦታ ቢኖርም አልጨምረውም።

ከተጨመረ በኋላ አዲስ ማረጋገጫ ተቀበሉና ሦስት ነገር እዩ፦ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን፣ የካቢን ቁጥሩ ሳታውቁ አለመቀየሩን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ዋጋና ስጦታ እንደነበረ መሆኑን። የተለወጠ ነገር ካለ በዚያው ቀን ደውሉ፤ ካቢናችሁ ለሌላ ከተሸጠ በኋላ ማስመለስ አይቻልም።