ስለ ታይታኒክ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?

ስለ ታይታኒክ የተጻፈው መጽሐፍ ተቆጥሮ አያልቅም። ስለ መርከቧ ሳይሆን ስለ ተሳፋሪዎቹ ማወቅ ለሚፈልግ ግን እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የዋልተር ሎርድ «ኤ ናይት ቱ ሪመምበር» (1955)። ሎርድ ከአደጋው የተረፉ ከ60 በላይ ሰዎችን አፈላልጎ ጠይቋል። ዛሬ ይህን ዕድል የሚያገኝ የለም። ትረካው ከምሰሶው ላይ ሆኖ ባሕሩን ከሚቃኘው ጠባቂ ይነሳል። ከምሽቱ 5፡40 ከበረዶ ተራራው ጋር ግጭቱ ይደርሳል፤ ከሌሊቱ 8፡20 መርከቧ ትሰጥማለች። መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ከያዙት አይለቅም። ጉድለቱ ሰዎቹ ብቅ ብለው ወዲያው መጥፋታቸው ነው። ከመሳፈራቸው በፊት ማን እንደነበሩ ብዙም አይነግረንም።

የሎረንስ ቢዝሊ «ዘ ሎስ ኦፍ ዘ ኤስ ኤስ ታይታኒክ» የወጣው አደጋው በደረሰበት ዓመት፣ እዚያው 1912 ላይ ነው። ቢዝሊ በሁለተኛ ማዕረግ የተሳፈረ የሳይንስ መምህር ነበር፤ አስተያየቱም የመምህር ነው። ከግጭቱ በኋላ ደረጃ ሲወርድ እግሩ በትክክል አላርፍ ይለዋል። ደረጃው ወደ ፊት ማዘንበል ጀምሯል ማለት ነው። በኋላ እሱ ያለባት 13 ቁጥር ጀልባ ውሃው ላይ ስታርፍ፣ 15 ቁጥር በቀጥታ ከአናታቸው ላይ ትወርድባቸዋለች። የ15 ቁጥርን ሆድ ከሥር በእጃቸው እስኪነኩ ድረስ! ገመዱ በቢላ ተቆርጦ ለጥቂት ያመልጣሉ። እንዲህ ያለውን ነገር እዚያ ያልነበረ ሰው አይጽፈውም። ቢዝሊ መርከቧ ለሁለት አልተሰበረችም ብሎ ይከራከራል፤ ስብርባሪዋ በ1985 ሲገኝ ግን ለሁለት ተከፍላ ነበር። ቢሆንም የዓይን ምስክር ነውና ዋጋው አይቀንስም።

ለእኔ ትልቁ ግን የሪቻርድ ዴቨንፖርት ሃይንስ «ታይታኒክ ላይቭስ» (2012) ነው። ተሳፋሪዎቹን በማዕረግ በማዕረግ ይዞ፣ ከየት እንደመጡና ለምን እንደተሰደዱ ይተርካል። ከአንደኛ ማዕረግ 60 በመቶ በላይ ሲተርፍ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ የተረፈው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ከአየርላንድ፣ ከስካንዲኔቪያና ከሶርያ ምድር የተነሱት እነዚያ ድሆች በቁጥር ብቻ እንዳይቀሩ የሚታገል መጽሐፍ ነው። ወፍራም ነው፤ ወደ አደጋው ሌሊት የሚደርሰውም ዘግይቶ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል።

አንድ ብቻ የሚገዛና ስለ ታይታኒክ ምንም ያላነበበ ሰው ሎርድን ይግዛ። ፊልሙን አይቶ «ሰዎቹ እነማን ነበሩ?» የሚል ደግሞ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ይሂድ። ለቢዝሊ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የቅጂ መብቱ ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የነፃ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ሲገዙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ «ታይታኒክ ላይቭስ» አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው «ቮያጀርስ ኦፍ ዘ ታይታኒክ» ተብሎ ነው። መጽሐፉ ያው ስለሆነ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ።